ከ4118 በፊት

በሐቺኖሄ ወደብ፣ ከዓሣ ጨረታው አዳራሽ ጀርባ፣
ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሰው በጎኑ ዞሮ ነው የሚገባ።
ዋናው ሰርቨር እዚያ ነው። ሌሊት ስኩዊዱ ተመዝኖ፣
በሣጥን በሣጥን ተቆጥሮ፣ ዋጋው በጣት ተወስኖ፣
እያንዳንዷ ሽያጭ በሎግ ፋይል ላይ ትሰፍራለች፤
ፋይሉ ሲሞላ ይዘጋል፤ ተከታይዋ ቁጥር ትወለዳለች።

ከዚያ ጉዞ ነው፤ ተራራውን አቋርጦ እስከ ሞሪዮካ።
እዚያ ተጠባባቂው አለ፣ በዋናው ልክ የተለካ፣
ባሕር የተነሣ ዕለት ወንበሩን ሊወርስ የተቀመጠ፣
እስከዚያው ግን ለማንም አንዲት መልስ ያልሰጠ።
የሚጎርሰው በተራ ነው። አምስትን ሳይጨርስ ስድስትን አይነካም፤
ስድስት በር ላይ ቢያድር እንኳ በአምስት ቦታ አይተካም።

«ፋይል ሲሰየም» አሉኝ ኪኩዮ ሳን፣ ሥራ በገባሁ ማለዳ፣
ጓንታቸውን እንዳጠለቁ፣ እኔም ገና ሳለሁ እንግዳ፣
«ሦስት ነገር ይበቃል፤ ከየትኛው ክር እንደመጣ፣
ስንተኛ እንደሆነ፣ በየትኛው ዘመን እንደወጣ።
ውበት አያሻውም።»
                    ክሩን ያዝሁ፣ ተራውን ያዝሁ፤
ዘመን ያሉት ግን በጆሮዬ አለፈ፤ ስለ ምሳ አሰብሁ።

በጥር አጋማሽ በረዶ ጣለ፤ የሞሪዮካ መስመር ተቆረጠ።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት። ተረኛው እኔ ብቻ። ተጠባባቂው
4116 ላይ ቆሞ አፈጠጠ።
መስመሩ ሲመለስ 4118 ደረሰ፤ 4119 ደረሰ፤
ሃያኛው መጣ፣ ሃያ አንደኛው መጣ፣ ደጁ በሰልፍ ታመሰ።
እርሱ ግን አንድ ቃል ብቻ፤ «4117ን እጠብቃለሁ።»
ፈለግሁት። በየማህደሩ፣ በየዲስኩ ጓዳ ዞሬአለሁ።
ጎህ ሊቀድ ሲል አገኘሁት። የቀበርሁት እኔ ነበርሁ፤
መስመሩ ሲንገራገጭ ደንግጬ፣ በእጄ ወደ ሌላ ቦታ ወሰድሁ፤
ስሙንም «አዲሱ የመጨረሻ» አልሁት።
እንዳይጠፋኝ ብዬ ያወጣሁለት ስም ነው ያጠፋው፤
ቢያንኳኳስ፣ ተጠባባቂው በምን ስሙ ያውቀው?

ኪኩዮ ሳን መጡ። አልተቆጡም። ከቦቲያቸው በረዶ አራገፉ፣
ስሙን አርመው፣ ወደ ቦታው መልሰው፣ ከወንበሩ ጫፍ አረፉ።
4117 ገባ። ከኋላው የቆመው ሁሉ፣ ያለ ግፊያ፣
አንድ ባንድ፣ አንድ ባንድ፣
ፀሐይ የጨረታውን ጣሪያ ሳትነካ አለቀ ወረፋው።

«ዘመኑስ?» አልኋቸው ያኔ። «ቁጥሩ አይበቃም ወይ?»
ከማሽን የገዙትን ትኩስ የቆርቆሮ ሻይ
በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ «ቤቴ» አሉ፣ «ሁለት አንድ አለ፤
ልጄ ሄሴይ አንድ ነው፤ ልጁ ደግሞ ሬይዋ አንድ ተባለ።
ዘመኑን ፍቀህ ብትጽፋቸው፣
ትንሹ አንድ መጥቶ አባቱን ይደመስሰዋል።

እዚህም ሆኗል። ያኔ አንተ ተማሪ ቤት ነበርህ።
ዳታቤዙ ተበላሸ፣ ከቅጂ ተነሣ፣ እንደገና ተከፈተ፤
ቆጣሪውም እንደ ሕፃን ከአንድ ጀመረ።
በስሙ ውስጥ ክርና ተራ እንጂ ዘመን አልነበረ፤
አዲሱ አንድ በአሮጌው አንድ ላይ ወጣ፣ ሁለትም በሁለት፤
የሦስት ሌሊት የማኬሬል ሽያጭ እስከ ዛሬ የለም።»

ስሙን እንደዚያ ያወጣው ማን እንደነበር አልጠየቅሁም።
ጓንታቸውን አወለቁ፤ መልሰው አጠለቁ።

በመጋቢት ማብቂያ ጡረታ ወጡ። ንግግር አላደረጉም።
ጓንቱን ጠረጴዛዬ ላይ ትተውት ሄዱ፤ ለእጄ ይጠበኛል።

ዛሬ ሌሊት ተረኛ ነኝ። ከወደቡ ማዶ፣ በጥቁሩ ውኃ ላይ፣
የስኩዊድ ጀልባዎች መብራት ተንጠልጥሏል።
መረቡ ገና አልወጣም፤ ሣጥኑ ባዶ ነው፤
ማን ምን እንደሚገዛ የሚያውቅ የለም።
በሞሪዮካ ግን አንዱ ነቅቶ ተቀምጧል፣
ያልተወለደውን በሙሉ ስሙ እየጠራ፤
ክር አንድ፣ ተራ 4982፣ ዘመኑም ከነቁጥሩ፤
በመጠበቅ ላይ።